ሁለት መቶ ክንድ

ባለፈው ነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጺሜን ልላጭ ከቤቴ ዝቅ ብላ ያለችው ፀጉር ቤት ገባሁ። ደብረ ብርሃን በነሐሴ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ዝናቡ ሲያባራ ጉሙ ይተካል፤ ጉሙ ሲነሣ ብርዱ ይተካል፤ ባጃጆቹ ደግሞ ጭቃውን እየረጩብን ያልፋሉ። ፀጉር አስተካካዩ ሄኖክ ግማሽ ፊቴን ላጨና ምላጩን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የአትሌቲክስ ውድድር ያሳይ ነበር፤ የመቶ ሜትር ፍጻሜ ሊጀመር ነው። አገሩን ልብ ያላልኩት አንድ ዘንካታ ሯጭ ከመነሻው ኋላ ቆሞ በጣቱ ደረቱን ነካ ነካ አደረገና ወደ ካሜራው ጠቀሰ። ተኩሱ ተሰማ። ሰው በቅጡ ሳይተነፍስ አለቀ፤ ያው ልጅ አሸነፈ፤ ክብረ ወሰንም ሰበረ ተባለ። ሲጠይቁትም «ከክፍሌ ስወጣ አውቀው ነበር» ማለቱን ጋዜጠኛው ተረጎመልን።

«አዩ ጋሼ፣» አለኝ ሄኖክ፣ «ነገሩ እኮ እግር አይደለም። በራስ መተማመን ነው!»

«ይልቅ ላጨኝ፣» አልኩት።

ትንሽ ከፋው መሰለኝ። ምን ላድርግ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ሰው መጽሐፍ እየመታ ሲምል፣ ያየውንም ያላየውንም በሙሉ ልብ ሲናገር ስሰማ ኖሬ ስለ መተማመን የሚወራ ወሬ ቶሎ አይዋጥልኝም። ያን ዕለት ግን ዝም ያሰኘኝ የፍርድ ቤቱ ነገር አልነበረም። ጌታነህ ትዝ ብሎኝ ነው።

ጌታነህ ጎረቤቴ ነበር፤ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። አባቱን ያጣው ገና ሕፃን ሳለ ነው። እናቱ እትዬ ጥሩነሽ አውቶቡስ ተራ ዳቦ እየሸጡ አሳደጉት። አገሩ የረጅም ርቀት ሯጮች አገር ነው፤ ልጅ ሁሉ ሲሮጥ የሚያስበው ስለ ረጅሙ መንገድ ነው። አጭር ሩጫ እንደ ቁም ነገር አይታይም ነበር። «አጭር የሚሮጥ ሌባና ውሻ ያባረረው ነው» እያሉ ይስቁብን ነበር ትልልቆቹ። እኛ ግን አጭሩን ወደድን፤ ጌታነህ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። ከሁለታችን በኋላ የሚመጣው ብዙ ርቆ ነው።

ችግሩ እግሩ አልነበረም። ሊጨርስ ሲቃረብ ዞር ብሎ ያይ ነበር። ከኋላው ያለሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ሊኖር! እሱ ግን ያያል፤ ሲያይ ደግሞ እርምጃው ይሰበራል። የስፖርት አስተማሪያችን መምህር ታምራት በዚህ ነገር ይቃጠል ነበር። «አንተ ልጅ፣ ማን እየመጣብህ ነው? ሰይጣን ነው?» ይለዋል። ጌታነህ ፈገግ ብሎ መሬት መሬት ያያል። እኔ ሳውቀው በራሱ የሚጠራጠር ልጅ ነው። ፈተና ላይ ትክክለኛውን መልስ ጽፎ ሰርዞ ሌላ የሚጽፍ ዓይነት።

ማትሪክንም በዚሁ ጠባዩ ወደቀ። ያን ጊዜ ማትሪክ መውደቅ ደግሞ የዛሬው ዓይነት መውደቅ አይደለም። ዘመኑ የደርግ ነው፤ በሰሜን ጦርነት አለ። ትምህርቱን ጨርሶ ቤቱ የተቀመጠ ጎረምሳ ብሔራዊ ውትድርና ይጠብቀዋል። ከሰፈራችን ሄደው የተመለሱትን ለመቁጠር ጣት አያስፈልግም ነበር። እትዬ ጥሩነሽ የቀበሌው ሰው በደጃቸው ባለፈ ቁጥር ሳይጠየቁ ዳቦ ይዘው ይወጡለት እንደነበር አስታውሳለሁ።

መላ ያመጣው መምህር ታምራት ነው። «አዲስ አበባ ያሉት ክለቦች ፈጣን ልጅ ካገኙ ይወስዳሉ። ደመወዝ ይቆርጡለታል፤ የክለብ ልጅ ደግሞ ግንባር አይላክም» አላቸው ለእናቱ። «ብቻ በመቶ ሜትር ስንት እንደሚገባ ለክተን መላክ አለብን።» እትዬ ጥሩነሽ ስለ መቶ ሜትር ምንም አያውቁም፤ «ግንባር አይላክም» የምትለዋን ግን ያዙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ለልጃቸው በሶ በማር እየበጠበጡ ያጠጡት ጀመር፤ ለራሳቸው ሻይ እንኳ የማይጠጡ ሴት።

እስከዚያ ድረስ የምንሮጠው በግምት ነበር፤ ከባሕር ዛፉ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ባሕር ዛፉ። አሁን የተለካ ሜዳ አስፈለገ። የትምህርት ቤቱን ሜትር ቀበሌው ለግንባታ ብሎ ተውሶ እዚያው ቀርቷል። ያኔ መምህር ታምራት የእኔን አባት አሰበ።

አባቴ ሽፈራው የባና ነጋዴ ነበር። ባና ለማያውቀው፣ ከበግ ጠጉር የሚሸመን ወፍራም የአገር ብርድ ልብስ ነው፤ ያለ እሱ የኛን አገር ውርጭ የሚችለው የለም። አባቴ ከመንዝ እያስመጣ በገበያ ቀን በክንድ እየለካ ይሸጣል፤ ከክርኑ እስከ መካከለኛው ጣቱ ጫፍ። በዚያ ዘመን ብልህ ሸማች ገበያ ሲወጣ ከዘመዶቹ መካከል ክንደ ረጅሙን መርጦ ይዞ ይሄዳል፤ ለእሱ እንዲለካለት። አባቴ ደግሞ አጭር ሰው ነው፤ ክንዱም እንደ ቁመቱ። ሆኖም ክንደ ረጅም ይዞበት የሚመጣ አልነበረም። «የሽፈራው ክንድ ታጥራለች እንጂ አታብልም» ይሉ ነበር። ለክቶ ሲጨርስ ሁልጊዜ ምራቂ ይጨምራልና ነው። የክንዱን ማጠር እሱም ያውቃል፣ ገዢውም ያውቃል፤ ምራቂው ሂሳቡን ያቃናዋል። ማንም ስለዚህ ነገር አፍ አውጥቶ ሲነጋገር ሰምቼ አላውቅም፤ እንዲሁ የሚታወቅ ነገር ነበር።

መምህር ታምራት የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ የገበያችንን አመል አያውቅም።

«ሁለት ክንድ አንድ ሜትር ነው፣ ጋሽ ሽፈራው፤ እኛም የተማርነው እንደዚያ ነው» አለው። «ሁለት መቶ ክንድ ይለኩልን።»

አባቴ ለቤተ መንግሥት የተጠራ ያህል ደስ አለው። ጋቢውን ለእኔ ሰጠኝ፤ እጅጌውን ሰበሰበና የቃጫ ገመድ ይዞ ሜዳው ላይ ተንበረከከ። ገብሱ የሚታጨድበት ወቅት ስለሆነ ሜዳው ዳር ሁሉ የጭድ ሽታ ነበረው። እሱ በክንዱ ይለካል፤ እኛ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንቆጥራለን። ሁለት መቶ ስንል ገመዱን በጣቱ ቆንጥጦ ይዞ ቀና አለ።

«ምራቂውንስ ልጨምር?» አለ።

መምህር ታምራት ሳቀ። እኛም ሳቅን። «የለም፣ የለም! ይሄ እኮ ስፖርት ነው፤ ገበያ አይደለም። ሁለት መቶ ከተባለ ሁለት መቶ ነው፤ ቅንጣት መጨመር የለብንም።»

አባቴ «እንዲያው ደስ አይለኝም» አለ፤ ሳይጨምሩ መለየት ነውር የሆነበት ነጋዴ ነው። ግን የተማረ ሰው ያለውን አከበረና ገመዱን ቋጠረ። ችካሎቹ ተተከሉ።

በኅዳር አንድ ቀን ጠዋት፣ ውርጩ ከሳሩ ላይ ሲቀልጥ ጠብቀን ሮጥን። መምህር ታምራት ሰዓቱን አየ፤ ነቀነቀው፤ ጆሮው ላይ አደረገው። ከዚያ ጮኸ። አስር ከምናምን ነው። ቁጥሩን በትክክል አልይዘውም፤ ያኔ ግን እንደ ጸሎት እንደግመው ነበር። «ይሄ የአገሩን ክብረ ወሰን የሰበረ ሰዓት ነው!» አለ። ጥቂት አሳረፈንና እንደገና አስሮጠን። ሰዓቱ ያንኑ መለሰ። እኔም ራሴ በሕልሜ የማላገኘውን ሰዓት አገኘሁ፤ ግራ ገብቶኝም ጠየቅኩት። «ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ አጭር ሯጭን አያግደውም» ብሎ አስረዳኝ። ነገሩ ውሸት አይደለም፤ በኋላ መጽሐፍ ላይም አይቼዋለሁ። ደግሞስ ጥሩ ወሬ ማን ይመረምራል?

ጌታነህ ከዚያን ቀን ወዲያ ሌላ ሰው ሆነ። ይህን ሳላጋንን ነው የምናገረው። አንገቱ ቀና አለ፤ አረማመዱ ሁሉ ተለወጠ። አስፋልቱን ሲያቋርጥ እንኳ መኪናው እንዲቆምለት የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ሰፈሩ «ክብረ ወሰን» የሚል ቅጽል አወጣለት፤ ሲጠሩት ዞር ሳይል እጁን ብቻ ያነሣል። አዲስ አበባ ለማጣሪያ ጠሩት፤ እኔም ለዱላ ቅብብሉ አብሬ እንድሄድ ተባለ።

«ሦስት ይወስዳሉ አሉ፤ እኔ አንደኛ ነኝ» አላቸው ለእናቱ፣ እኔ ፊት።

«እግዜር ካለ በል» አሉት እትዬ ጥሩነሽ ደንግጠው። እኛ አገር የነገን ነገር እንዲህ ደረቁን መናገር ያስፈራል።

«እግዜርማ ብሏል እኮ እማዬ። በሰዓት ነው የተናገረው።»

አንድ ነገር ልመስክር። በእነዚያ ሳምንታት ጌታነህ በእውነት ፈጠነ። በዚያው ሜዳ፣ ከዚያው ችካል ተነሥተን፣ በእኔና በእሱ መካከል ያለው ርቀት ከቀን ወደ ቀን ሰፋ። ዞር ብሎ ማየቱንም ተወው። ያ ሰዓት ምንም ይሁን ምን እግሩ ላይ የጨመረው ነገር ነበር። ሄኖክ ያለው ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም፤ የከፋኝም ለዚህ ይሆናል።

አዲስ አበባ በአውቶቡስ ገባን። በቀዩ መሮጫ ላይ እኔ የምረግጥበትን እያየሁ ስራመድ ጌታነህ እንደ ግቢው ተንጎራደደበት። በመጀመሪያው ማጣሪያ አንደኛ ወጣ፤ ያውም ለብቻው ተነጥሎ። እየዘለልኩ ወደ እሱ ሮጥኩ። እዚያው ድምፅ ማጉያው ሰዓቱን ተናገረ።

«ስንት ነው ያሉት?» አለኝ።

«አስራ አንድ ከምናምን።»

ሳቀ። «ሰዓታቸው ተበላሽቷል።»

«ይሆናል» አለ መምህር ታምራት፤ ፊቱ ግን እንደዚያ አላለም። የሌሎቹ ማጣሪያዎች ሰዓት ተራ በተራ ተነበበ። የአዲስ አበባ ልጆች ሰዓታቸውን ሲሰሙ አልደነገጡም፤ ሁልጊዜ የሚያገኙት ነበርና። የተበላሸ ሰዓት አልነበረም። ጌታነህ ሣሩ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል፣ ያስራል፤ ይፈታል፣ ያስራል።

«አንደኛ እኮ ነህ የወጣኸው!» አልኩት። «ከሁሉም በልጠሃል!»

«በቄ፣ ዘግይቻለሁ» አለኝ። «እግሬ ምን ሆነ?»

ይህን ሲል የነበረው ፊት ዛሬም አይጠፋኝም። ያን ቀን ከነበሩት ልጆች የበለጠው እሱ ነው፤ ሁላችንም ዐይተናል። እሱ ግን ከልጆቹ ጋር መሮጥ ከተወ ቆይቷል፤ የሚሮጠው ከኅዳሩ ጌታነህ ጋር ነበር፤ እሱ ደግሞ ሩቅ ቀድሞታል።

ፍጻሜው ላይ እስከ አጋማሹ መራ። ከዚያ ዞር አለ። አራተኛ ሆነ። ሦስቱን ወሰዱ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ጌታነህ መንገዱን ሙሉ ጭኑን ሲያሽ ነበር፣ የጠፋበት ነገር እዚያ ውስጥ ያለ ይመስል። እትዬ ጥሩነሽ ነገሩን ሲሰሙ «ዓይን ገብቶበት ነው» ብለው ጠበል ወሰዱት። ጠበሉ በረዶ ነው፤ ልጁ እየተንቀጠቀጠ ተጠመቀ። ብዙም ሳይቆይ ከቀበሌ ጠሩትና ለሥልጠና ሄደ። የሄደ ዕለት የሸኘነው ሰዎች ሁሉ ስለ አየሩ ስናወራ ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ተጨማሪ ክፍል ለመሥራት ግንበኞች ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ፤ የብረት ሜትርም ይዘው ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መምህር ታምራት ቤታችን መጣ። ግባ ቢሉት አልገባም፤ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ይጠመዝዛል።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ያ ሜዳ… ለካሁት። ያጥራል። ስምንት ሜትር ገደማ ያጥራል።»

አባቴ ቀኝ ክንዱን ዘርግቶ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሆነ ሁሉ አየው።

«ምራቂው» አለ።

መምህር ታምራት አንገቱን ደፋ። እኔም ገባኝ። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ለመውቀስም የሚያመች ነገር አልነበረውም። አንዱ ያደገበትን አደረገ፤ ሌላው የተማረውን ተናገረ።

«እንግዲያው ልጁ አልዘገየም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ አባቴ።

«አልዘገየም። እንዲያውም ዕድሜውን ሁሉ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አያውቅም።»

«ታዲያ ይነገረዋ! እግሬ ከዳኝ እያለ ይኑር እንዴ?»

አባቴ ይህን የሚያጽናና ወሬ አድርጎ ነው የወሰደው። በእርግጥም ያጽናናል። ወሬው ግን ሌላም ጎን ነበረው፤ አልዘገየህም ማለት ክብረ ወሰንም አልሰበርክም ማለት ነው። አንዱን ነግሮ ሌላውን ማስቀረት አይቻልም። እኔ ይህን ያን ጊዜ አላሰብኩትም፤ አባቴ ያሰበው በኋላ ነው።

ሥልጠናውን የጨረሱት በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ሰሜን እንደሚያልፉ ከሾፌሮች ሰማን። እዚህ አያቆሟቸውም፤ የአገሩ ልጅ ይጠፋል ብለው ይፈራሉ። ደብረ ሲና ግን መኪናው ሞተርና ፍሬን ያቀዘቅዛል፤ እዚያ መቆሙ አይቀርም። እትዬ ጥሩነሽ፣ አባቴና እኔ በጭነት መኪና ተሳፍረን ወረድን። ጣርማበር ላይ ጉም ነበር፤ ከዋሻው ስንወጣ መንገዱ እየተጠመዘዘ ወደ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ጋቢ የለበሰ ሁሉ ጋቢውን ያወልቃል። አባቴ መንገዱን ሁሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። የሚናገረውን እያጠና ነው።

ደብረ ሲና እንደ ወትሮዋ በጭነት መኪና ተጨናንቃ ነበር። ሴቶች ብርቱካንና ሸንኮራ እየያዙ ከመኪና መኪና ይሮጣሉ። ወታደር የጫኑት መኪኖች ከከተማው ዳር ተሰልፈው ቆመዋል። አንድ በአንድ ስንፈልግ ከላይ አንድ ድምፅ ጮኸ።

«ጋሽ ሽፈራው! ኧረ እነሱ ናቸው! እማዬ!»

ጌታነህ ነበር። ጠቁሯል፤ ትከሻው ሰፍቷል። ከመኪናው እንዳይወርድ ተከልክሏል፤ እግሩን በጎን ለቀቀው፤ እትዬ ጥሩነሽ ሌላ የሚይዙት ስላጡ ያን እግር አቅፈው ማልቀስ ጀመሩ። ያመጡትን ዳቦ እኔ አቀበልኩት፤ ለጓደኞቹ ቆራርሶ ሰጠ።

«ይኸው!» አላቸው ወደ አባቴ እያመለከተ። «አላልኳችሁም? ሜዳውን የለኩት እሳቸው ናቸው፤ ጠይቋቸው!»

ልጆቹ ተንጠራሩ። «እስቲ አባባ ይንገሩን» አለ አንዱ፤ ከደነባ የመጣ ነው፣ በኋላ ስሙን አውቄዋለሁ። «እውነት ይሄ ልጅ ክብረ ወሰን ሰብሯል? ከማሠልጠኛው ጀምሮ ጆሯችንን በላው እኮ!»

«አዲስ አበባ የዘገየሁት አሞኝ ነው» አለ ጌታነህ፤ የሚናገረው ለእነሱ ይሁን ለእኛ አይለይም ነበር። «ለቀቀኝ። ማሠልጠኛው ውስጥ የደረሰብኝ የለም። ጋሽ ሽፈራው፣ ይንገሯቸው እስቲ። እርስዎ አይደሉ የለኩት?»

አባቴ አፉን ከፈተ። ያጠናውን ሊናገር ነው ብዬ ጠበቅሁ። ቀና ብሎ ጌታነህን አየው፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ እግሩን ያቀፉትን እናቱን አየ።

«አዎ» አለ። «የለካሁት እኔ ነኝ።»

«ልክ ነው አባባ?»

«ልክ ነው።»

ልጆቹ አፏጩ፤ ጀርባውን መቱት። ጌታነህ ሳቀ። ሞተሩ ተነሣ፤ እትዬ ጥሩነሽን ከእግሩ ያላቀቅኳቸው እኔ ነኝ። መኪናው ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ እስከማይታይ ድረስ እጁን አላወረደም።

ስንመለስ ዋሻው ጋ ስንደርስ አባቴ እትዬ ጥሩነሽ እንዳይሰሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ምን ልበለው ታዲያ?» አለኝ። በዕድሜው ሙሉ በገበያ ላይ አንድ ቀን ሲዋሽ ያልሰማሁት ሰው ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ወታደሮቹ በዚያው መንገድ ተመለሱ፤ በእግራቸው፣ ጫማ ሳይኖራቸው፣ ዳቦ እየለመኑ። እትዬ ጥሩነሽ ለአላፊው ሁሉ ዳቦ እየሰጡ ፊት ፊቱን ያያሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ያ የደነባው ልጅ ቤታቸውን ጠይቆ መጣ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አባቴና እኔም ከመደቡ ጥግ ተቀመጥን። መርዶው ከተነገረ፣ ለቅሶውም ጋብ ካለ በኋላ አሟሟቱን እንዲነግራቸው እናቱ ለመኑት።

ልጁ በዝግታ ተናገረ። ድንጋይ ተከልለው ነበር፤ ውኃው ከሜዳው ባሻገር ነው። አለቃቸው እስኪመሽ ተኝታችሁ ጠብቁ አለ። የቆሰለ ጓደኛቸው ግን ውኃ ውኃ እያለ ይጮሃል።

«ጌታነህ ሜዳውን አየና ‹መቶ ሜትር ብትሆን ነው፤ ለእኔ ምን አላት?› አለ። ያዝነው፤ እምቢ አለ። ‹የአገሩ ክብረ ወሰን ያለው ማን ነው?› ብሎ ስቆብን ኮዳውን ይዞ ተነሣ። እማማ፣ ሰው እንደዚያ ሲሮጥ ዐይቼ አላውቅም። አንዴ እንኳ ዞር አላለም። እኔማ ደረሰ ብዬ ነበር።»

አባቴ ከመደቡ ጥግ ቀና አለ።

«ስንት ቀረው?» አለ አባቴ።

«አቤት፣ አባባ?»

«ሊደርስ። ስንት ቀረው?»

ልጁ ግራ ገባው። «እንጃ… ጥቂት ነው። ጥቂት ነበር የቀረው።»

አባቴ ሌላ አልጠየቀም። ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

«ልጄ ፈጣን ነበር» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«ፈጣን ነበር» አለ የደነባው ልጅ።

እሳቸው ይህንኑ ይዘው ኖሩ፤ ይህንኑ ይዘው ሞቱ። አባቴ ከዚያ ወዲያ ገበያ አልወጣም። የቀረውን ባና እናቴ በቁርጥ ዋጋ ሸጠችው። መምህር ታምራት ዝውውር ጠይቆ ከከተማው ሄደ፤ የት እንደደረሰ አላውቅም።

ሄኖክ ጺሜን ላጭቶ ሲጨርስ ቴሌቪዥኑ ያን ሯጭ ለስንተኛ ጊዜ ደግሞ ያሳይ ነበር፤ ደረቱን ሲነካ፣ ሲጠቅስ፣ ሲበር። ልጁ የሚያምር ነገር ነው የሠራው፤ አልቀናሁበትም። ደግሞም የእሱ ሜዳ በትክክል የተለካ ነው። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ቀስ እያልኩ ወደ ቤቴ አቀናሁ።

አባቴ በመጨረሻ ዘመኑ ብዙ ጊዜ፣ ያውም ሳይጠየቅ፣ «ብነግረው ኖሮ ተኝቶ ይጠብቅ ነበር» ይል ነበር። ምናልባት። ምናልባትም ያለዚያች ቃል ከማሠልጠኛው ሳይወጣ ይሰበር ነበር። በፍርድ ቤት ስንት ጉዳይ ሲመረመር ዐይቻለሁ፤ የዚህን ግን ፍርድ የሚያውቅ የለም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ዛሬ፣ ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ፣ እንደገና ደብረ ሲና ብቆምና ጌታነህ ከዚያ መኪና ላይ ሆኖ በዚያ ፊቱ ቢጠይቀኝ፣ «ልክ ነው» እለዋለሁ። ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም። ሌሊት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝም ይኸው ነው።